ዲኤንኤ የሚይዝ መድኃኒት ዘር ያበላሻል?

«ሲስተር፣ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ መርፌ አለ ይላሉ፤ የልጅ ልጆቻችንን ዘር ያበላሽ ይሆን?» ሲሉ አንዲት እናት እዚሁ አርብ ገበያ ጠየቁኝ። ጥያቄውን ንቄ አላለፍኩትም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ሕክምናውን የሚያቋርጥ ሰው አለና።

መርፌው ፔንታሚዲን ነው። ካላዛር ለደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ሲነሳ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ሁመራና መተማ ለሥራ ወርደው የሚመለሱ ልጆቻችንም ይዘውት ይመጣሉ። ኤችአይቪ አብሮ ያለበት ሰው ከዳነ በኋላ እንኳ ካላዛሩ ስለሚያገረሽበት ፔንታሚዲን በወር አንድ ጊዜ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ በጥገኛ ተዋሲው ዲኤንኤ ጠባብ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ይይዘዋል እንጂ ለልጅ የሚተላለፈውን የሰው ዘር እንደገና አይጽፍም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስኳር ነው፦ የደም ስኳርን ድንገት ሊያወርድ፣ ሲቆይም የስኳር በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የማያቋርጥ የውሃ ጥም ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለባለሙያ ተናገሩ።

ዲኤንኤ የሚይዙ መድኃኒቶች ለሌላ ሥራም ተሞክረዋል። ዘረመል ትእዛዙን በደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው አርኤንኤ ይባላል። ሴሉ እሱን አንብቦ ፕሮቲን ይሠራል። አንቲሴንስ ከደብዳቤው ጋር እንደ ዚፕ ጥርስ የሚገጥም አጭር ክር ነው፤ ሲገጥም ደብዳቤው አይነበብም። ይህን ዛሜክኒክና ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በዶሮ ቫይረስ ላይ አሳዩ።

ችግሩ፣ ዚፑ ይላላል። ገበሬ የመጥረቢያው እጀታ እንዳይወልቅ ሽብልቅ ይመታበት የለም? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈረንሳዊው ክሎድ ኤሌንና ባልደረቦቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። አክሪዲን የተባለውን ዲኤንኤ ያዥ በክሩ ጫፍ አሰሩት፤ እሱም በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ግጥሚያውን አጠበቀው። (የጥንቱ የወባ ኪኒን አታብሪን የአክሪዲን ዘመድ ነው።)

ባለ ሽብልቁ ክር ግን የቤተ ሙከራ ነገር ነው፤ አለኝ ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ አትግዙ። ሽብልቅ የሌለው ፎሚቪርሰን እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ የመጀመሪያው አንቲሴንስ ሆነ። የኤድስ ሕሙማንን ዓይን የሚያጠፋ ቫይረስን ለመግታት ዓይን ውስጥ ይወጋ ነበር፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲስፋፋ ፈላጊ አጣና ቀረ። እሱም ቢሆን የሚያስቆመው ደብዳቤውን ብቻ ነበር። ደብዳቤው በየጊዜው እንደገና ስለሚጻፍ መርፌውም መደጋገም ነበረበት።