የገበሬው እስትንፋስ፤ በአንድ ደረት ስለሚገናኙ ሁለት በሽታዎች

የእርሻ ሀብት ሲቈጠር መሬቱ፥ በሬው፥ ዘሩና የዝናሙ ልክ ይቈጠራሉ። የገበሬው እስትንፋስ ግን በመዝገብ ተጽፎ አይገኝም። ዳሩ ግን ሞፈር የሚይዘው ክንድ ብርታቱን የሚያገኘው ከደረት ነው። ደረቱ የታመመበት ሰው መሬት እያለው መሬቱ ጦም ያድራል፤ በሬ እያለው ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የደረሰ እህሉም እጅ አጥቶ በማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ የሳንባ ሕመም ነገር የሐኪም ብቻ ሳይሆን የእርሻ ሹምም ጉዳይ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በመከር ወራት በየአውድማው የሚታየው ነገር ለሹማምንት እንግዳ አይደለም። ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ ገበሬ ላይዳውን ጥቂት ጊዜ ካነሣ በኋላ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ትንፋሹ ይቈረጣል። ጎረቤቶቹ ሲጠየቁ «አስም ነው፤ ከልጅነቱ ያለበት ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሚስቱም በምጣድ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ኖራ ሌሊቱን ስታስል ብታድር «ብርድ መትቷት ነው» ይባላል። ሁለቱም መልሶች ነገሩን ይዘጉታል እንጂ አይፈቱትም። ስም የወጣለት ሕመም እንደ ታወቀ ይቈጠራልና፥ ከዚያ በኋላ የሚመረምረው አይገኝም።

አስም ማለት የአየር ቧንቧዎች በብግነት ተቈጥተው በየጊዜው የሚጠቡበት በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፤ ይመጣል፥ ይሄዳል፤ ሌሊትና ማለዳ ይብሳል፤ አቧራ፥ ጭስ፥ ብርድና ጉንፋን ይቀሰቅሱታል፤ በመካከሉ ግን በሽተኛው ደኅና ሆኖ የሚሰነብትበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች በአጭር ቃል ሲኦፒዲ የሚሉት ሁለተኛው በሽታ፥ ይኸውም ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ፥ ጠባዩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ቀስ ብሎ ይገለጣል። ለብዙ ዘመን ጭስ ወይም አቧራ የሳበ ሳንባ ቧንቧው ይጠባል፥ የአየር ከረጢቶቹም ይፈርሳሉ፤ ሳልና አክታ ይዘወትራል፤ የፈረሰውም ወደ ፊተኛው ጤንነቱ አይመለስም።

እነዚህ ሁለት በሽታዎች በትምህርት ተለይተው ቢጻፉም በሰው ደረት ውስጥ ግን ተደርበው ይገኛሉ። በልጅነቱ አስም የነበረበት ሰው በጭስና በአቧራ ውስጥ አርጅቶ ሁለተኛውን በፊተኛው ላይ ይጨምራል። ጂናና ጎልድ የተባሉት፥ የአስምንና የሲኦፒዲን ሕክምና መመሪያ ለዓለም የሚያወጡት ድርጅቶች፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ስለዚሁ መደራረብ በአንድነት መመሪያ አወጡ። በ2020 ደግሞ ጎልድ መደራረቡን እንደ አንድ ልዩ በሽታ አድርጎ መጥራቱን ትቶ፥ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ የሚችሉ ሁለት በሽታዎች ናቸው አለ። የስሙ ክርክር ለሊቃውንቱ ይሁን፤ ለገበሬው የሚጠቅመው ግን ሁለቱም ወገን የተስማሙበት ነገር ነው። ይኸውም ሁለቱ የተገናኙበት በሽተኛ አንዱ ብቻ ካለበት ይልቅ አብዝቶ የሚታፈን፥ ኑሮውም የሚከብድበት መሆኑ ነው።

ምንጩን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፥ እህል በማበጠርና በመስፈር የሚኖሩ ሰዎች ትንፋሽ የሚያጥራቸውና ለእርጅና እምብዛም የማይደርሱ መሆናቸውን ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል፤ የገለባው ብናኝ ግን ጠባዩን አልለወጠም። የሻገተ እህል ሲገለበጥ የሚነሣው አቧራ፥ የቡና መቀሸሪያ ቤት ብናኝ፥ የኩበትና የእርጥብ እንጨት ጭስ፥ ሁሉም ወደ አንድ ሳንባ ይገባሉ። በሀብታሞች አገሮች የሲኦፒዲ ዋና ምክንያት ሲጋራ ነው፤ በድኾች አገሮች ግን ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ ሲጋራ ያላጨሱ፥ የቤት ጭስ የሳቡ ናቸው። ስለዚህ «ሲጋራ አጭሳ አታውቅም» ተብሎ የምትታለፍ ሴት እጅግ ትበደላለች።

የአንድ ስም ብቻ መስጠት ጉዳቱ በመድኃኒቱ ላይ ይገለጣል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአፍ የሚሳበው ሳልቡታሞል ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አያበርድም። ጂና በ2019 ለአዋቂ የአስም በሽተኛ ይህ መድኃኒት ብቻውን እንዳይሰጥ፥ እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያለ ብግነት የሚያበርድ የሚሳብ መድኃኒት አብሮ እንዲኖር መክሯል። አስም ያለበትን ሰው ሲኦፒዲ ብቻ ነው ብሎ ይህን መድኃኒት መከልከል አደጋ ያመጣል፤ ሲኦፒዲ የተጨመረበትን ደግሞ አስም ብቻ ነው ማለት የሚያስፈልገውን ተጨማሪ መድኃኒትና ከጭስ የመራቅ ምክር ያስቀርበታል። የሚለየውም በግምት ሳይሆን በመሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሀቺንሰን በ1846 ያስታወቀው የትንፋሽ መለኪያ ስፓይሮሜትር ይባላል። ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከተሳበ በኋላ፥ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በጠቅላላው ከሚወጣው ከመቶ 70 እጅ ያነሰ ከሆነ የአየሩ መንገድ እንደ ጠበበ ይታወቃል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ የጤና መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ አውድማ አይዘጋ፥ ምድጃ አይጠፋ፤ የእርሻ ሹም ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነው በቻይና አገር በዩናን ክፍል በሹዋንዌ የሆነው ነው። በዚያ የሚኖሩ ገበሬዎች በቤታቸው ውስጥ ጭስ መውጫ በሌለው ጕድጓድ ከሰል ድንጋይ ያነዱ ነበር። በኋላ ብዙዎቹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሠሩ። በ2005 የታተመው ምርመራ እንዳስረዳው፥ ምድጃቸውን በለወጡት ዘንድ ሲኦፒዲ በወንዶች ከመቶ 42 እጅ፥ በሴቶች ከመቶ 25 እጅ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙም ያለ ጥርጥር የታየው ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የማይቻል አይደለም፤ ዛሬ ያልተጀመረውም ከአሥር ዓመት በኋላ ፍሬው አይለቀምም።

እንግዲህ ለእርሻ ሹም የሚቀርበው ሥራ በእጁ ያለ ነው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ የማገዶን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ማገዶ መቀነስ ብቻውን ጭስን አያስወግድምና፥ ምድጃ ሲታደል የጭስ መውጫውና ከመኝታ የተለየው ማድ ቤት አብረው ይታሰቡ። እህል ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ደኅና አድርጎ እንዲደርቅ ማስተማር ሻጋታን ይከለክላል፤ በዚህም እህሉም ሳንባውም በአንድ ምክር ይድናሉ። ሲበጠር ነፋስን ከኋላ አድርጎ መቆም፥ ትንፋሽ የሚያጥረውንም ሰው ከብናኙ አርቆ ሌላ ሥራ መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። ነጠላ በአፍ ላይ መጠምጠም ገለባውን ይከለክላል እንጂ ደቃቁን አቧራ አያስቀርም፤ ስለዚህ በቡና መቀሸሪያና በእህል መጋዘን ለሚሠሩ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር መሸፈኛ እንዲሰጥ አሠሪውን ማስገደድ ይገባል።

ከዚህም ጋር የልማት ጣቢያ ሠራተኛና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየመንደሩ ተነጋግረው ቢሠሩ፥ በአውድማ የታየው በሽተኛ ወደ ሐኪም ይደርሳል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው አስቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ አክታው ይመርመር፤ ነቀርሳ ካልተገኘበት፥ ወይም ታክሞ ከዳነ በኋላም ትንፋሹ ካጠረ፥ ስፓይሮሜትር ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ። ለሐኪሙም ሦስት ነገር ይነገረው፤ ሕመሙ ከልጅነት የጀመረ እንደ ሆነ፥ ስንት ዓመት በጭስና በአቧራ እንደ ኖረ፥ በመካከሉ የሚሻለው ጊዜ እንዳለና እንደሌለ። ይህን ሦስት ቃል ለመጻፍ የአንድ ወረቀት ግማሽ ይበቃል፤ ሐኪሙን ግን ከስሕተት ያድነዋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት የቈየ ምክር ነው። የፈረሰ የሳንባ ከረጢት እንደ ጎርፍ እንደ ወሰደው አፈር ነው፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም፤ የቀረውን ግን በእርከን እንደሚጠበቅ መሬት መጠበቅ ይቻላል። ለመሬቱ እርከን የሚያሠራ ሹም፥ በዚያ መሬት ላይ የሚደክመውን ሰው እስትንፋስ ቢጠብቅ ከሥራው ወሰን አልወጣም፤ ሥራውን ፈጸመ እንጂ።