ከቁጥር ባሻገር፦ የፕሮግራመሮች ሥልጠናና የሕዝብ አደራ

የፋብሪካው ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ከከፋዩ መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ በፔሮል ላይ ፈርሞ ደመወዙን የሚቆጥርበት ዘመን በአብዛኛው እያለፈ ነው። ዛሬ ደመወዙ በባንክ ሒሳቡ ይገባል፤ ከባንኩ ወደ ቴሌብር ያዛውረዋል፤ ከዚያም የመብራትና የውሃ ይከፍልበታል፣ ገጠር ላሉ ወላጆቹ ይልክበታል። በዚህ ሁሉ ጉዞ የሚንቀሳቀሰው መልእክት ብቻ ነው። መልእክቱን የሚለዋወጡትም በተለያየ ሥፍራና በተለያዩ ድርጅቶች እጅ የሚገኙ ኮምፒዩተሮች ናቸው። እነዚህ ኮምፒዩተሮች በኅብረት የሚያከናውኑትን ሥራ ባለሙያዎች የተሠራጨ አፕሊኬሽን ሲሉት፣ አንዱ ሌላውን የሚጠይቅበትንና መልስ የሚቀበልበትን በር ደግሞ ዌብ ሰርቪስ ይሉታል። እንግዲህ ሠርቶ አደሩ ሊጠይቀው የሚገባው መሠረታዊ ጥያቄ ይህን በር የሚሠራው ማን ነው፣ ምንስ ተምሮ ነው የሚል ይሆናል።

ኢትዮጵያ ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምን መጀመሯ ይታወሳል። በኢንተርኔት አማካይነት በሚሰጠው በዚህ ሥልጠና ወጣቶች የፕሮግራሚንግን፣ የአንድሮይድን፣ የዳታ ትንተናንና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስን መሠረታዊ እውቀት እንዲቀስሙ ታስቧል። ይህ በምንም መልኩ ሊናቅ የማይገባው እርምጃ ነው። ይህ ሲባል ግን የመሠረታዊ ኮርስ የምስክር ወረቀት የያዘ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ የሚተላለፍበትን በር ለመሥራት ደርሷል ማለት አይደለም። በየሪፖርቱ የሠልጣኙ ቁጥር በደማቁ ሲጻፍ፣ የሠለጠነው ሰው ምን መሥራት እንደቻለ ግን በጎን የሚታለፍበት የዘመቻ አሠራር በሌሎች መስኮች ያስከፈለንን ዋጋ እናውቀዋለን።

ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን እናስታውስ። ለጥቂት ሰዓታት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በስልክ ተዛመተ፤ በየግቢው ያሉ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ሌሊቱን በሰልፍ ተጨናነቁ። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ ከዚሁ ብዙው ተመላሽ መደረጉ ተገልጿል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን የገንዘቡ መጠን አይደለም። ባንኩ ራሱ እንዳስታወቀው በዚያ ሌሊት ከውጭ የመጣ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ችግሩ የተፈጠረው በራሱ ሥርዓት ላይ በተከናወነ የተለመደ የጥገናና የማሻሻያ ሥራ ሳቢያ ነው። ጠላት ሁልጊዜ ከአጥር ውጭ ይቆማል የሚለው አመለካከት የቱን ያህል ጎዶሎ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በአሜሪካው ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ዶይችና ባልደረቦቻቸው፣ ለዚህ ሙያ አዲስ የሆኑ ሰዎች ስለ ኔትወርክ የሚይዟቸውን የተሳሳቱ እምነቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዝርዝር አስፍረው ነበር። መስመሩ አይቋረጥም፣ መልእክት ለመድረስ ጊዜ አይወስድም፣ መንገዱም ከሰርጎ ገብ የተጠበቀ ነው የሚሉት ከእነዚሁ ይገኙበታል። የመጀመሪያውን እንኳ ብንወስድ፣ አንዲት እናት ለልጃቸው በስልክ 500 ብር ላኩ እንበል። ትእዛዙ ባንኩ ዘንድ ደርሶ ተፈጸመ፤ «ተፈጽሟል» የሚለው መልስ ግን ኔትወርኩ በመቋረጡ መንገድ ላይ ቀረ። ስልኩ መልስ ሲያጣ ትእዛዙን ደግሞ ይልካል። በሩን የሠራው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ካላሰበበት ከእናትየዋ ሒሳብ 1,000 ብር ይወጣል። መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት፣ ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣም ሥራውን ሳይደግሙ የቀድሞውን መልስ መላክ ይበቃል። ይሁን እንጂ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ፣ በማይቋረጥ መስመር ብቻ የተለማመደ ሠልጣኝ ይህን ችግር በትምህርት ቤት ሳለ ፈጽሞ አያየውም፤ የሚያየው በሕዝብ ገንዘብ ላይ ነው። የኔትወርክ መቆራረጥን በዕለት ተዕለት ኑሯችን እንደምናውቀው ሁሉ በመማሪያ ክፍልም ልናስገባው በተገባን ነበር።

ሌላው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። የቀበሌውን መዝገብ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። የበሩ ጥበቃ መታወቂያ ያያል፤ ትክክለኛ መታወቂያ የያዘ ሁሉ ይገባል። የገባው ሰው የጎረቤቱን ፋይል ሲጠይቅ መዝገብ ያዡ «ይህ ያንተ ነው ወይ?» ሳይል አንሥቶ ቢሰጠው የበሩ ፍተሻ ምን ፋይዳ አለው? በዌብ ሰርቪስም እንዲሁ ነው። የጠያቂውን ማንነት ማረጋገጥ አንድ ሥራ ሲሆን፣ የጠየቀውን ነገር ለማየት መብት ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ሌላ ሥራ ነው። ደንበኛው በሚልከው ጥያቄ ውስጥ የሒሳብ ቁጥሩን በአንድ አኀዝ ለውጦ የሌላውን ሰው ሒሳብ ማየት ከቻለ ሁለተኛው ሥራ አልተሠራም ማለት ነው። ኦዋስፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019ም ሆነ በ2023 ባወጣቸው የዚህ ዓይነት በሮች ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ላይ በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠው ይህንኑ ጉድለት ነው። መልእክቱን በምስጢር ኮድ መቆለፍ የግድ ቢሆንም ከዚህ አያድንም፤ የጎረቤት ፋይል ተቆልፎ ይላካል እንጂ መላኩ አይቀርም።

በአውስትራሊያ ኦፕተስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ9 ሚሊዮን በላይ የደንበኞቹ መረጃ ሲሰረቅበት፣ የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ለፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ መሠረት መነሻው በ2018 በኮድ ላይ የተፈጸመ የመግቢያ ቁጥጥር ስሕተት ነበር። ኩባንያው ስሕተቱን በ2021 በአንደኛው አድራሻ ላይ አግኝቶ አረመ፤ በሌላው አድራሻ ላይ ግን ያው ስሕተት ሳይታይ ቀረ። አጥቂውም የገባው በዚያው ነው።

ሥልጠና ብቻውን ምን ያህል ያስኬዳል? ለዚህ የማይክሮሶፍት ታሪክ ጥሩ አስተማሪ ነው። ኮድ ሬድና ኒምዳ የተባሉት ተዛማች ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ2001 ዓለምን ካመሱ በኋላ፣ ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 2002 ባሠራጩት ማስታወሻ ደኅንነት ከአዳዲስ አገልግሎቶች ይቀድማል የሚል መመሪያ ሰጡ። በወሩም የዊንዶውስ ሥራ ቆሞ ወደ 8,500 የሚጠጉ ባለሙያዎች ስለ ደኅንነት እንዲሠለጥኑና የጻፉትን ኮድ መልሰው እንዲፈትሹ ተደረገ። አንድ ግዙፍ ኩባንያ ምርቱን አቁሞ ሠራተኞቹን ትምህርት ቤት ማስገባቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁንና በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለው ተዛማች ፕሮግራም ከተፍ ሲል የተጠቀመበት ቀዳዳ ከሥልጠናው በኋላ በወጣው ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ውስጥ ጭምር ነበር። ኩባንያው ከ2004 ጀምሮ የደኅንነት ፍተሻን ከንድፍ እስከ ምርት መውጫ ድረስ በየደረጃው ግዴታ ያደረገው የአንድ ሰሞን ዘመቻ እንዳልበቃ ስለተገነዘበ ነው።

ይህ ለእኛ ጥብቅ ትርጉም አለው። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ ነዋሪው የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የዓይኑንና የፊቱን ምስል ሰጥቶ ይመዘገባል፤ ባንኮችና ሌሎች ድርጅቶችም ማንነቱን የሚያረጋግጡት ይህንኑ ሥርዓት በዌብ ሰርቪስ እየጠየቁ ነው። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይለወጣል፤ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አዋጅ ኮድ አይጽፍም። ኮዱን የሚጽፈው በአንድ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው፤ አለቃው ደግሞ ሥራው ለነገ እንዲደርስ ይፈልጋል።

ስለዚህ የሥልጠናው ይዘት ከሥራው ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። ሠልጣኙ ኮድ በመጻፍ ብቻ ሳይወሰን የባልደረባውን ኮድ መመርመርና የራሱንም ለምርመራ ማቅረብ መልመድ ይኖርበታል። ሂስና ግለ ሂስ የሚለውን ቃል በየስብሰባው ሰምቶ የሰለቸ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል፤ በዚህ ሙያ ግን ቃሉ ቁርጥ ያለ ትርጉም አለው፤ ሁለተኛ ሰው ያላየው ኮድ ወደ ሥራ አይገባም። ቀጣሪ ድርጅቶችም ለዚህ የሚሆን ሰዓት ሊመድቡ ይገባል።

የመመረቂያው ፈተናም በወረቀት ላይ ባይሆን መልካም ነው። አንድ ቡድን የገንዘብ ማስተላለፊያ በር ሠርቶ ያቅርብ፤ ሌላው ቡድን የሰው ሒሳብ ለማየት ይሞክር፤ አስተማሪው ደግሞ ትእዛዝ በመተላለፍ ላይ ሳለ ገመዱን ይንቀል። ከዚያ የላኪውና የተቀባዩ ሒሳብ ይደመር። ድምሩ ከመጀመሪያው አንዲት ሳንቲም ከተለየ የምስክር ወረቀቱ ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ።