ማሳሰቢያ፦ ለካሜራ ሌንስ ገዢዎች

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ለምትሠሩ ፎቶ አንሺዎች፣ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያዎችና ከውጭ አገር በዘመድ ሌንስ ለምታስመጡ ሁሉ።

ጥምቀት ሲቃረብ የካኖን ዋጋ የከበደው ሰው «ለካኖን ይሆናል» የተባለ የሌላ ፋብሪካ ሌንስ ይገዛል። መግዛቱ ነውር የለበትም፤ ሲግማና ታምሮን ስመ ጥር ናቸው። ጣጣው ያለው መግጠሚያው ላይ ነው። ካኖን በ1987 እ.ኤ.አ. ኢኤፍ መግጠሚያን ሲያወጣ ሌንሱና ካሜራው በኤሌክትሪክ የሚለዋወጡትን መልእክት ለተፎካካሪ አልገለጠም። ሌሎቹ እየጠለፉና እየፈቱ አስመስለው ሠሩ። ያስመሰሉት ግን በእጃቸው ለነበረው ካሜራ ነውና በፊልም ዘመን የተሠሩ አንዳንድ የሲግማ ሌንሶች ከዲጂታሉ ካኖን ጋር አልግባባ አሉ።

ይህ ጉድለት ሱቅ ውስጥ አይታይም። ሻጩ ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ያነሳላችኋል፤ ፎቶው ይወጣል። ደባርቅን አልፋችሁ በሰሜን ተራሮች ፀሐይ አፐርቸሩን ወደ 8 ስታጠቡት ካሜራው «ኤር 99» ብሎ ቀጥ ይላል። ጭላዳው ደግሞ አይጠብቃችሁም! ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ደጅ ውጡና በራሳችሁ ካሜራ፣ በ8ም በ11ም አንሱ።

በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው አርኤፍ መግጠሚያ ላይ ነገሩ ወደ ፓተንት ክርክር ዞሯል። ካኖን በ2022 ቪልትሮክስ የተባለውን የቻይና ኩባንያ «የፓተንትና የዲዛይን መብቴን ነክተሃል» ብሎ የአርኤፍ ሌንሶቹን መሸጥ እንዲያቆም ጠየቀ። ሲግማና ታምሮን በ2024 የአርኤፍ ሌንስ በካኖን ፈቃድ እንደሚሠሩ አስታወቁ። (ሶኒ የኢ መግጠሚያውን ዝርዝር በ2011 እ.ኤ.አ. ለሌሎች አምራቾች በነፃ ከፍቷል፤ ብልህ ነጋዴ እንዲህ ነው።) ያለ ፈቃድ የተሠራ ሌንስ ዛሬ ቢሠራም የካሜራው ሶፍትዌር ሲታደስ ሊያስቸግር ይችላል። አምራቹ ለሌንሱ ማስተካከያ የሚያወጣ መሆኑን አጣሩ፤ በከተራ ዋዜማ ደግሞ ካሜራችሁን አታድሱ። ጥር 11 ማለዳ በአፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ወጣቱ ወደ ውኃው ሲዘል «ትንሽ ቆዩኝ» አይባልም።

በራሱ ስም የሚሸጥ ሌንስን «ፎርጅድ» አትበሉ። ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ዓ.ም. መሠረት 15 ዓመት ይቆያል፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመርለታል። በሌላ ፋብሪካ ሌንስ ላይ የካኖንን ስም ለጥፎ መሸጥ ግን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ዓ.ም. ያስጠይቃል። በብዛት የምታስመጡ ነጋዴዎች ዕቃው ከመጫኑ በፊት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ምዝገባውን አጣሩ። ገዢዎችም ደረሰኙ ላይ የአምራቹን ስም፣ የመግጠሚያውን ዓይነትና የሌንሱን መለያ ቁጥር አስጽፉ።