የአስፋልት ባለርስቶች

«የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» ማለት በግቢያችን ማዕረግ ከሆነ ቆይቷል። ደጃዝማችነትና ፊታውራሪነት ቢቀሩም ይህኛው ማዕረግ ሳይሻር ኖሯል፤ እንዲያውም ከዓመት ዓመት እየደመቀ ነው። ባለማዕረጉን ለመለየት የሚያስቸግር ነገር የለም። ከካፌው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አዲስ የገባውን ተማሪ ጫማ በዓይኑ ይመዝናል፤ አነጋገሩን ይቀዳል፤ «ከየት ነህ?» ይለዋል። መልሱ ጎንደርም ሆነ ጂንካ፣ ነቀምትም ሆነ ሆሳዕና፣ ሣቁ ያው አንድ ነው። ወዲያው ፍርድ ይሰጣል፦ «ፋራ!» ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለም።

ይህን ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ቢጽፈው «ቅናት ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ ግን አፍንጮ በር ተወልጄ አፍንጮ በር ያደግሁ ነኝና ያቺ መልስ እኔ ላይ አትሠራም። ስለዚህ እነዚህን ወንድሞቼንና እኅቶቼን በትክክለኛ ስማቸው ልጥራቸው፤ የአስፋልት ባለርስቶች ናቸው። ባለርስት ማለት አባቴ ይዞት ነበር፣ አያቴም ይዞት ነበር፣ ስለዚህ የእኔ ነው የሚል ሰው ነው። ሠራህበት ወይ? አለማኸው ወይ? ተብሎ አይጠየቅም፤ መወለዱ ብቻ በቂው ነው። በ1957 ዓ.ም. የዚህ የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰልፈዋል። የእነዚያ ታናናሾች ዛሬ በዚያው ግቢ ተቀምጠው በእግረኛ መንገድና በታክሲ ፌርማታ ላይ ርስት ሲቆጥሩ ማየት፣ ኧረ ምን ይባላል!

እስቲ ርስቱን እንመርምረው።

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት ያሠሩትና ስፍራውን አዲስ አበባ ያሉት በ1879 ዓ.ም. ግድም ነው። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየኮረብታው ድንኳን ተከሉ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እያልን በድልድዩም በሰፈሩም የምንጠራቸው ሰዎች ሁሉ ከሌላ የመጡ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ ሠራተኞች የሰፈሩበት ነው። ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ አደሬ ሰፈር፣ ጎጃም በረንዳ፤ ስማቸው ራሱ ከየት እንደተመጣ ይናገራል። ቃሉንስ ልብ ብለን እናውቃለን? «ሰፈሬ» ብለን ደረታችንን የምንነፋበት ቃል «ሰፈረ» ከሚለው የወጣ ነው። ሰፈር ያለው ሁሉ የሰፋሪ ልጅ ነው። ቋንቋችን ይህን ያህል በግልጽ እየመሰከረብን እኛ አልሰማነውም።

ቀድሞ በመያዝ ይሁን ከተባለም ጉዳዩ ለባለርስቶቻችን የባሰ ይበላሽባቸዋል። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የምንላቸው ስሞች ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት በዚህ መሬት ላይ ያርሱና ከብት ያረቡ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስም ነው። ፍልውሃውም ፊንፊኔ ይባል ነበር። እንግዲህ ቀዳሚነት ማስረጃ ከሆነ፣ የካፌው ደረጃ ላይ የተቀመጠው ዳኛ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ነው። ከተማዋን ከብርድና ከማገዶ ችግር ያዳነው ዛፍ እንኳ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ መጤ ነው፤ «ባሕር ዛፍ» መባሉም ለዚህ ነው። እሱን ግን ፋራ ያለው የለም።

ደግሞ «አራዳ» የሚለው ቃል አለ፤ የማዕረጉ ዘውድ! አራዳ እኮ ገበያ ነበር። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከየገጠሩ የመጣ ገበሬ እህሉን፣ ቅቤውንና ማገዶውን ዘርግቶ የሚሸጥበት፣ ነጋዴው በቅሎውን የሚያስርበት ቦታ ነበር። ብልጠቱና ቅልጥፍናው የተወለደው እዚያ ባላገሩና ነጋዴው ሲገናኙ ነው እንጂ፣ ከከተሜ ደም የፈለቀ አይደለም። ኋላ ጣልያን መጣና ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶ አለው፤ የቀድሞውን አራዳ ፒያሳ አለው፤ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ደግሞ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ባለርስቱ «እኔ የፒያሳ ልጅ፣ እኔ የካዛንቺስ ልጅ» ሲል የሚኮራበት ስም ከአምስት ዓመት ወረራ የቀረ ነው። ስሙን አንጠቀም አላልኩም። ግን በዚህ ስም ሌላውን «መጤ» ማለት ትንሽ ድፍረት አይጠይቅም?

ይህ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ስለሆነ ከሁሉ የሚቀርበንን ላንሣ። አዲስ አበባን በመጽሐፍ ያስነበበን ማን ነው? የውቤ በረሃን ሌሊት በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የጻፈው ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ከዓድዋ አጠገብ ተወልዶ የመጣ ነው። በ«ከአድማስ ባሻገር» የከተሜውን ምሁር ጭንቀት ያሳየን በዓሉ ግርማ የኢሉባቦር ልጅ ነው። «አይ መርካቶ» ያለው ጸጋዬ ገብረመድኅን የአምቦ አካባቢ ሰው ነው። የከተማው ተወላጅ ከተማውን ኖረበት፤ መጪው ግን አየው፤ ስላየውም ጻፈው። እኛ ተወላጆቹ ስለ ሰፈራችን ስናወራ የምንጠቅሰው እነሱን ነው። የተሠራልንን መስታወት ይዘን ሠሪውን መሳቅ የጤና አይመስለኝም።

እንግዲህ «ተወላጅና መጪ አንድ ናቸው፣ ልዩነት የለም» ልል ነው ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። ልዩነትማ አለ! የአዲስ አበባ ልጅ መንገድ ሲያመለክት «ድሮ እንትን ሱቅ የነበረበት ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ይላል፤ በሌለ ነገር ይመራሃል። መጪው ስልኩን አውጥቶ ካርታ ያያል። ይህ ግን ጨዋታ ነው፤ ዋናው ልዩነት ሌላ ነው።

የአዲስ አበባ ልጅ ሱቅ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ ነው። «ጻፈው» ይላል። ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር ያንን ዳሩ የተበጣጠሰ ደብተር አውጥቶ ስም ሳይጠይቅ ይጽፋል፤ የእናቱ ስም ይበቃል። አዲሱ ተከራይ በዚያው ሱቅ፣ በዚያችው ሰዓት ቆሞ ዘይት በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ አምስት ብር ቢጎድለው ዘይቱ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። የሰፈሩ ልጅ ሲታመም ከአንዱ ቤት አጥሚት፣ ከሌላው ቤት ወቀሳ ይመጣለታል። ተከራዩ ሲታመም በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ በሦስተኛው ቀን የሚንኳኳው ስለ ኪራዩ ሊሆን ይችላል። የሰፈሩ ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ማን መቃብር እንደሚሄድ፣ ማን ከለቅሶኛው ጋር እንደሚቀመጥ ያለማንም ትእዛዝ ይታወቃል። ተከራዩ የሞተ እንደሆነ ጓደኞቹ ከሥራ ቦታው መዋጮ ለቅመው አስከሬኑን በመኪና አሳፍረው ወደ አገሩ ይልኩታል። አሥራ አምስት ዓመት የኖረበት ሰፈር የሚያውቀው መኪናው ሲወጣ ነው።

አገሬው ይህን «ሰው አለው፣ ሰው የለውም» ይለዋል። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ በሙሉ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ጫማና አነጋገር ነው። ሰው መኖር ደግሞ ከደምም ከአፈርም አይገኝም፤ ዓመት ከዓመት በመበደር፣ በመክፈል፣ በማስታመምና በመቅበር የሚጠራቀም ሒሳብ ነው። እኔን ይህን ሒሳብ ማንም ተወልጄ አላስቆጠረኝም፤ እናቴ የከፈለችልኝ ነው። የአስፋልት ባለርስቶች በእናቶቻቸው ቁጠባ ላይ ተቀምጠው «በራሴ ብልጠት ያገኘሁት ነው» ይላሉ።

ማስረጃ ከተፈለገ ያንኑ ደብተር የያዘውን ሰው ተመልከቱ። የብዙው ሰፈር ባለሱቅ የተወለደው እዚያ አይደለም። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር መጥቶ፣ ሱቁ ውስጥ ከጆንያ ጋር አድሮ ያደገ ነው። የማን ደመወዝ መቼ እንደሚገባ፣ የማን ባል ሥራ እንደፈታ፣ የትኛዋ አሮጊት ስኳር እንደተከለከለች የሚያውቅ እሱ ነው። ሰፈሩን ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ሠላሳ ዓመት ኖሮም ግን በስሙ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው በብሔሩ ይጠራዋል። እሱ ስማችንን ከነአያታችን ጽፎ ይዞ፣ እኛ ስሙን አናውቅም። ታዲያ የሰፈሩ ተወላጅ ማነው?

ሁለተኛው ማስረጃ ደግሞ በዓይናችን ፊት የሆነው ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ተነሥቶ ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ አራብሳና ወደ ሌሎች የዳር ሰፈሮች ሲበተን፣ ሦስት ትውልድ የቆጠረ የመሐል ከተማ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጪ ሆነ። ሱቅ ሄደ፤ «ጻፈው» ቢል የሚጽፍለት የለም። ታክሲ የት እንደሚያዝ ጠየቀ። የዕድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ለማን ይድረስ፣ ገንዘቡ ይከፋፈል ወይስ ይጠበቅ ተባለ። አራዳነቱ የት ሄደ? አብሮት ሄዷል፤ ግን አንድ ኪሎ ስኳር በዱቤ አላወጣለትም። ደግሞ ያረፈበት ስፍራ ገላን መባሉን ልብ ይሏል፤ እዚያም ከእሱ በፊት የነበረ ገበሬ አለ።

ለተወላጁ የማዝንበትም ነገር አለ፤ አልደብቅም። መጪው ሲከፋው የሚያስበው አገር አለው። ለመስቀል፣ ለፋሲካ፣ ለዐረፋ ከተማው ባዶ ሲሆን፣ አውቶብስ ተራ ሲጨናነቅ፣ የአዲስ አበባ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፤ የሚሄድበት የለውም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር በነበረበት ጊዜ፣ አይቶት የማያውቀውን የአያቱን አገር ስም እንዲያስመዘግብ ይጠየቅ ነበር። ሌላ አገር የለውምና ያለችውን ጥርጊያ አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም። ፍርሃቱ ይገባኛል። ንቀቱ ግን አይገባኝም።

እናንተ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣችሁ እስካሁን በደስታ አንብባችሁ ከሆነ፣ ትንሽ ቆዩ።

ከእናንተ መካከል ሃያ ዓመት ኖሮ «እኔ እንኳ ለጊዜው ነው» የሚል አለ። ለጊዜው ስለሆነ ቆሻሻውን የትም ይጥላል፤ ለጊዜው ስለሆነ ጎረቤቱ ሲያለቅስ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል፤ ለጊዜው ስለሆነ ዕድር አይገባም። ከተማውን እንደ መርካቶ በረንዳ፣ ሸጦ የሚነሣበት ቦታ ያደርገዋል። ማታ ማታ ደግሞ «ይህ ሰው የሌለበት ከተማ!» ብሎ ያማርራል። ሰውዬ፣ ሰው የለም የምትለው ማንን አንኳኩተህ ነው? አንዳንዱ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። አምና በአውቶብስ ተራ ሲወርድ ሻንጣውን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር፤ ዘንድሮ የአራዳ ቋንቋውን በስድስት ወር ጨርሶ፣ እዚያው የካፌ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የዘንድሮውን አዲስ ገቢ «ፋራ» ይላል። ከተወላጁ ይልቅ የሚጮኸው እሱ ነው። ርስቱን ያልወረሰ ሰው የባለርስቱን ጅራፍ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ ከታሪክ ክፍለ ጊዜያችን ተምረናል መሰለኝ።

«ከተማዋ የሁላችንም ናት» የሚለው የመድረክ ቃል ይህን አይፈታውም። የሁላችንም ከሆነች፣ መታወቂያ ለማውጣት የሄደው ሰው ለምን «መሸኛ አምጣ» እየተባለ ሲመላለስ ይከርማል? በ1997ና በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ያለፈው ሰውስ የሁላችን ከሚባለው ውስጥ አለ? ይህን የሚመለከተው ክፍል ይመልስ። እኔ የምለው በእጃችን ስላለው ነው።

ዕድር የከተማ ልጅ ነው። ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው ከዘመዶቻቸው ተለይተው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች ቀባሪ እንዳያጡ ስለፈሩ ነው፤ ማለትም መጪዎች ለመጪዎች ያቋቋሙት ነው። ዛሬ ግን በየሰፈሩ ተከራይን የማይቀበል ዕድር አለ። የሚቀበለውም «እስከ ዛሬ በተጠራቀመው ገንዘብ ልክ ድርሻህን አምጣ» ብሎ፣ የቀን ሠራተኛ በዓመትም የማይቆጥበውን መግቢያ ይጠይቃል። ሕጉን ያወጡት አባቶቻችን ናቸው፤ በስብሰባው ላይ የሚቀመጡት ወላጆቻችን ናቸው፤ ቃለ ጉባኤውን አንዳንዴ የምንጽፈው እኛ ነን። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ተከራይ በወር መዋጮ ብቻ ይግባ፤ መግቢያው በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈል» ይበል። ይህን ለማለት አራዳ መሆን አያስፈልግም። የተከራዩም ድርሻ አለ፤ ሲጠራ መሄድ፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ መያዝ፣ ቤት ቀይሮ ሲሄድ ነግሮ መሄድ።

መልስ ያለው ባለርስት ካለ ይጻፍ፤ ዓምዱ ክፍት ነው፤ የማባዣው ቀለምም አላለቀም። ሲጽፍ ግን አያቱ በየትኛው በር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደገቡ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስፍርልን።