ኃያላኑ ለምን አልመጡላትም?

በዚህ ወር ከወትሮው ወጣ ያለ፣ ምናልባትም አንዳንድ ወላጆችን ፈገግ የሚያሰኝ ርዕስ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም በሥዕል ስለሚተረኩት የኃያላን ጀግኖች መጻሕፍት፣ ማለትም ስለ ኮሚክ፣ እንዲሁም ከእነርሱ ጋር ስለሚዛመዱት የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞች ነው። «ይህ ለሙስሊም ቤተሰብ ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን ዘንድ እንለምናለን።

እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የኮሚክ ወዳጆች ነን። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ አስኳላ እንማር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ ያመጣልንን ሽፋኑ የተገነጠለ የሱፐርማን መጽሐፍ በቂርኣት መሐል ደብቀን ስንገልጥ ኡስታዛችን ያዙን። አለንጋ ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን መጽሐፉን ተቀብለው ጥቂት ካገላበጡ በኋላ «ይህ ሰው የሚበረው ማንን ሊረዳ ነው?» ብለው ጠየቁን። እንግሊዝኛውን ስለማንችል የምናየው ሥዕሉን ብቻ ነበርና መልስ አጣን። «እንግዲያው ስታውቁ መጥታችሁ ንገሩኝ» ብለው መጽሐፉን መለሱልን። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውንም የጀግና ታሪክ የምንመዝነው በዚያ ጥያቄ ነው።

በዚህ ሚዛን የብዙ ወጣቶቻችንን ቀልብ የሳበውን «ሚስ ማርቭል»ን እንመልከት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር ደራሲዋ ጂ. ዊሎው ዊልሰን የተባለች እስልምናን የተቀበለች አሜሪካዊት ነበረች። ባለታሪኳ ካማላ ኻን ከፓኪስታን ከሄዱ ወላጆች የተወለደች የጀርሲ ሲቲ ልጅ ናት። ኃይሏ የገዛ አካሏን ማሳደግና ማሳነስ፣ መልኳንም መለወጥ ነው። መጀመሪያ ኃይሉ ሲሰጣት የተለወጠችው ወደ አንዲት ጸጉረ ወርቃማ ነጭ ጀግና ነበር። ኋላ ግን በራሷ መልክ ሰውን መርዳት እንደምትችል ተማረች። እኛ መጽሐፉን የወደድነው ስለዚህ ነው። በራሱ መልክና ስም የሚያፍር ልጅ በየክፍላችን አለና።

እ.ኤ.አ. በ2022 በስድስት ክፍል የቀረበው ተከታታይ ፊልም ግን ይህን ኃይል ለውጦታል። በፊልሙ ኃይሏ ከቅድመ አያቷ በወረሰችው አምባር የሚገለጥ ብርሃን ሆኗል። እንደ መጽሐፉ ወዳጅነታችን ይህ ቅር አሰኝቶናል፤ የታሪኩ ሥር የነበረው ከራስ ጋር የሚደረግ ትግል ሳስቷልና። ይሁን እንጂ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ፊልሙ የጨመረውንም መናገር አለብን። መስጊዱ፣ ዒዱ፣ የእናትና የልጅ ጭቅጭቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የተበተኑት ቤተሰቦች ሐዘን፣ ለመስጊድ ቦርድ የምትወዳደረው ጓደኛዋ፣ ይህ ሁሉ የእኛኑ ቤት ይመስላል። በአሜሪካ ፊልም ሙስሊም ቤተሰብ እንዲህ እንደ ሰው ሲታይ ብዙም አልለመድንም።

እኛን መምህራንን ደግሞ ይበልጥ የሚነካ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በፓኪስታን ቴሌቪዥን የቀረበው «ቡርቃ አቬንጀር» የተሰኘው የካርቱን ፊልም ጀግና ጂያ ቀን ቀን መምህርት ናት። የሴቶች ልጆችን ትምህርት ቤት ሊዘጉ የሚመጡትን የምትገጥመው በጠመንጃ ሳይሆን በመጽሐፍና በብዕር ነው። ጀግንነቷን በቡርቃ መሸፈኗ በአገሯ ብዙ አከራክሯል። እኛ ግን የመሣሪያ ምርጫዋን ወደናል። ያለፉት ዓመታት ለወለጋ ሕፃናት ቀላል አልነበሩም። ተኩስ ሰምተው፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው፣ ትምህርታቸው ተቋርጦባቸው ያደጉ ልጆች ፊት ጡጫና ፍንዳታን መዝናኛ አድርጎ ማቅረብ እንደ ሌላው አገር ቀላል አይደለም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ብርቱ ማለት በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረውናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ባዶ እጃችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን አቀረበልን። ባለታሪኩ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ምሩቅ ነው። ቀጥሎም በእኛ አካባቢ በብዙ ቤት በሚጠራ የኦሮምኛ ስም የተሰየመች «ሃዊ» መጣች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያዘጋጀው፣ ራሷ መምህርት በነበረችው በብሩክታዊት ጥጋቡ የሚመራው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ደግሞ «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘ ሥራ በመጽሐፍም በካርቱን ፊልምም አውጥቷል። ፍቅር፣ ፍትሕና ጥበብ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ጎጂ ልማዶችን በልዩ ኃይላቸው ይታገላሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ኪራሙ ተማሪዎቻችንን ሰብስበን በአንዲት ላፕቶፕ ይህን ካርቱን አሳየናቸው። መብራት ስላልነበረ ባትሪው ሳያልቅ ለመጨረስ እየተጣደፍን ነበር። ልጆቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ሲያልቅ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ለእሷስ ለምን አልመጡላትም?» ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችን። ማንን ማለቷ እንደሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። አብራት ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛዋ ከመጣች ሦስት ሳምንት አልፏታል። እኛም በየቀኑ ስሟን ጠርተን «ቀሪ» እያልን ምልክት ስናደርግ ነበር። ለምን እንደቀረች ግን አንድም ቀን ወጥተን አልጠየቅንም።

በማግሥቱ ከአንድ ሽማግሌና ከመስጊዳችን ኢማም ጋር ሆነን ወደ ቤተሰቡ ሄድን። አባትየው በአክብሮት ተቀበሉን፣ ቡና አስፈሉልን፣ ከዚያም «ዘገያችሁ፤ ኒካሕ ታስሯል» አሉን። ልጅቱ ሌላ ቀበሌ ሄዳለች። ኢማሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅቱ ፈቃድ እንዲጠየቅ ማዘዛቸውን አስታውሰው «ጠይቃችኋታል ወይ?» ሲሏቸው አንገታቸውን ደፉ። እኛም አንገታችንን ደፋን። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ማድረጉን፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን እንደሚቀጣ በክፍል ውስጥ ስናስተምር የኖርን ነን። ያን ዕለት ግን ሕጉም ሐዲሱም ከእኛ አፍ የወጣው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ የኮሚክ ወዳጅ ፍርዳችን ይህ ነው። ፊልሙ መልካም ነው፤ ልጆቻችሁ ቢያዩት አንከለክልም። ጉድለቱ ግን ኃያላኑ ሁልጊዜ በሰዓቱ መድረሳቸው ነው። በመጽሐፍ ላይ በአንዱ ሥዕልና በሌላው መካከል ባዶ ቦታ አለ። ልጅ እዚያ ላይ ቆም ብሎ «አሁን ምን ይሆን? እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ማለት ይችላል። ፊልም ግን አይጠብቀውም፤ አዳኙ ይመጣል፣ ሙዚቃው ይመታል፣ ያልቃል። ልጅም ሌላ ሰው እንደሚደርስ ተማምኖ ይተኛል። እኛ አዋቂዎቹ እንኳ እንደዚያው ስንተኛ ከርመናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩ። መሐል ላይ አቁሙና የኡስታዛችንን ጥያቄ ጠይቁ። ማንን ሊረዳ ነው? እኛስ ማንን? እናንተ ተማሪዎችም ጓደኛችሁ አንድ ቀን ስትቀር በሁለተኛው ቀን ለመምህራችሁ ንገሩ። እኛም በበኩላችን በስም መጥሪያው ላይ ሁለተኛ «ቀሪ» ከመጻፋችን በፊት ቤቷን ልናንኳኳ ቃል ገብተናል። በዚህ ዓመት ሁለት ቤት አንኳኩተናል። አንደኛዋ ታማ ነበር፤ አሁን ድናለች። ሁለተኛዋ ለጋብቻ ታስባ ነበር። አባቷ ከሽማግሌዎች ጋር ከመከሩ በኋላ ትምህርቷን እንድትጨርስ ፈቅደዋል፤ ዛሬም በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ ትማራለች። አልሐምዱሊላህ።

ኡስታዛችን ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። መልሱን መጥተን ልንነግራቸው ባለመቻላችን ለእናንተ ነግረናል።