ቦሎ ይለጠፋል፣ ጭሱ ግን አይቆምም

የቆየ የናፍጣ ፒካፕ ያለው ሰው ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስበት «መኪናዬ ምን ያህል ያጨሳል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «እንዴት ብዬ ነው የማልፈው?» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የምንተነፍሰውን አየር ይወስናል።

«እኔ መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ጉዳዩ በዋናነት የእናንተ ነው። ጭሱን የሚቀበለው ጋቢና ውስጥ ያለው ሹፌር ሳይሆን ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን «ኤክስተርናሊቲ» እያልን ተምረነዋል። በአማርኛ ሲባል፦ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ያስላል።

አሮጌው ለምን አይወጣም?

መቼም ጭስ ወዶ አሮጌ መኪና የሚነዳ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫውም ተከትሎ ወጣ።

የሦስቱም ውጤት ምንድን ነው? አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ይከበራል። ሃዋርድ ግሩንስፔክት የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ይህን በ1982 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፦ አዲስ መኪኖች ላይ ብቻ የሚጠብቅ ሕግ አዲሱን ስለሚያስወድድ፣ ሰው አሮጌውን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ሕጉ ሊቀንሰው ያሰበው ጭስ ለጥቂት ዓመታት ጭራሽ ሊጨምር ይችላል። እኛ ጋ እየሆነ ያለውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

አጎቴ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ የተሠራ ሃይሉክስ አለው። ሲንግል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ድንችና ሽንኩርት ይጭንበታል። ያ መኪና የቤት ኪራይ ነው፣ የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። «ኤሌክትሪክ ግዛ» ብትሉት ይስቅባችኋል፤ በምኑ ይግዛ? ስለዚህ ቁም ነገሩ ይህን መኪና ከመንገድ ማስወጣት ሳይሆን፣ መንገድ ላይ እያለ ጭሱን መቀነስ ነው። ደስ የሚለው፣ ይህ ይቻላል።

ጭሱ ቋንቋ አለው

መካኒኮች የጭሱን ቀለም አይተው በሽታውን ይናገራሉ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ ወይ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አንሷል ማለት ነው። በምርመራ ላይ አሮጌ ፒካፕን በዋናነት የሚጥለው ይኸኛው ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር ራሱ ተጨማሪ ጣጣ ያመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ፣ ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ግን ካልተቀነሰ፣ የተረፈው ናፍጣ ጥቀርሻ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ጉልበት ሲያንሰው ደግሞ ባለቤቱ ጋራዥ ይሄድና «ትንሽ ናፍጣ ጨምርለት» ይላል። መካኒኩ የፖምፓውን ቡሎን ይጠመዝዛል። ዳገቱ ትንሽ ይቀላል፣ ጭሱ ግን በእጥፍ ይጠቁራል፣ ናፍጣውም ያልቃል። ይኸው ነው ቁልፉ፦ ጥቁር ጭስ የተከፈለበት ግን ያልሠራ ናፍጣ ነው። ጭስን መቀነስ ለጎረቤት ሳምባ ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱ ኪስም ነው።

የናፍጣ መኪና ጭስ ሲለካ ሞተሩ በደንብ ይሞቃል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሆናል፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ቶሎ ይረገጣል። ማርሚታው ጋ ያለው መሣሪያ ጭሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ ያነባል። ተደጋግሞ ይለካና አማካዩ ይወሰዳል። በሐቀኝነት ለማለፍ የሚያስፈልገው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ከሁሉ ርካሹ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮና ዘይት፣ ከዚያ ኖዝሎችን ማስፈተሽ፣ ከዚያ ፖምፓውን ወደ ልኩ መመለስ። ሞተር ማስወረድ የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ወጪ ፈርቶ የመጀመሪያውንም ሳያደርግ ይቀራል።

ለፈተና ብቻ ማጥናት

ተማሪ እያለን ለፈተና ብቻ የሚያጠና ነበር አይደል? መኪናም እንደዚያው ነው። ለምርመራው ቀን ፖምፓውን ማስቀነስ፣ ደህና ኖዝል መዋስ፣ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ሁሉንም ወደ ነበረበት መመለስ። ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ጭሱ ግን ዓመቱን ሙሉ።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፓውሊና ኦሊቫ የተባለች ተመራማሪ የሜክሲኮ ሲቲን የምርመራ መዝገቦች አጥንታ በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። እዚያ አንዳንድ ጣቢያዎች ጉቦ እየተቀበሉ ንጹሕ መኪና ለክተው፣ ውጤቱን በአሮጌው መኪና ስም ይመዘግቡ ነበር።

ችግሩ የሰው ክፋት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ የክፍያ አሠራር ጉዳይም ነው። እኛ ጋ ምርመራ የሚያካሂዱት ፈቃድ ያላቸው የግል ተቋማት ናቸው፤ የሚከፍላቸው ደግሞ የሚመረመረው ባለ መኪና ነው። ብዙ የሚጥል ጣቢያ ደንበኛ ያጣል። ሕንድ ጉጃራት ውስጥ ስለ ፋብሪካ ብክለት ኦዲተሮች የተደረገ ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ኢስቴር ዱፍሎና ባልደረቦቿ ናቸው ያጠኑት። ኦዲተሮቹ ለፋብሪካ በዕጣ እንዲመደቡ፣ ክፍያቸውም ከጋራ ቋት እንዲሆን፣ ሥራቸውም በናሙና ዳግም እንዲፈተሽ ሲደረግ፣ እውነቱን መጻፍ ጀመሩ። ፋብሪካዎቹም ብክለታቸውን ቀነሱ።

እና ምን ይደረግ?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የተንቀሳቃሽ ምንጮች ጭስ ደረጃ እንዲወጣለት በሕግ ተጽፏል። ስለዚህ የጎደለን የሕግ መነሻ አይደለም። ሦስት ነገር ቢደረግ ለውጥ ይመጣል ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ መኪናው የት እንደሚመረመር በዕጣ ይወሰን፤ ክፍያውም በአንድ ቋት በኩል ይሂድ። ሁለተኛ፣ ባለ መኪናው «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ሳይሆን የጭሱን ቁጥር በስልኩ ይቀበል፤ ከዓመት ዓመት የሚያወዳድረው ነገር ይኖረዋል። መንገድ ላይ ድንገተኛ ልኬት ከተጨመረ ደግሞ የተዋሰ ኖዝል ዋጋ ያጣል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ለወደቀ መኪና የጥገና መንገድ ይከፈት። በካሊፎርኒያ በምርመራ የወደቀ መኪና ያለው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ለጥገና ድጎማ ያገኛል፤ መኪናውን ለማስወገድ ከመረጠም ይከፈለዋል። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም፣ እሺ። ግን ከጭስ ጋር የተያያዙ መለዋወጫዎችን ቀረጥ መቀነስ፣ ለኖዝልና ለፖምፓ ጥገና አነስተኛ ብድር ማመቻቸት ከአቅማችን በላይ አይደለም። ብድሩን ከሚተርፈው ናፍጣ ላይ መመለስ ይቻላል።

ያለዚህ ቁጥጥሩን ብቻ ብናጠብቅ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም። አቅም ያለው «ያልፋል»፣ አቅም የሌለው ዕቃ ጭኖ በሌሊት ይነዳል። ምርመራው እንደ አንድ ተጨማሪ ግብር ይቆጠራል፤ ግብር ደግሞ ኪስ ያራቁት ይሆናል እንጂ ጭስ አያጣራም።