የሯጮች ባትሪ አስቀድሞ ይሞከር!

ጎህ ሳይቀድ እንጦጦና ሰንዳፋ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ግንባራቸው ላይ የሚያስሩት ባትሪ እንደ ጫማቸው ሊፈተሽ ይገባል። ካርቶኑ ላይ «1000 ሉመን፣ 20 ሰዓት» የሚለውን አምኖ የገዛ አትሌት ጉዱን የሚያየው መኪና ሲመጣበት ወይም ቦይ ፊቱ ሲደቀን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው መለኪያ እንኳ ሰዓቱን የሚቆጥረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። «100 ሜትር ያበራል» ሲባልም እዚያ ርቀት ላይ የሚደርሰው 0.25 ሉክስ፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃ ያህል ብርሃን ነው። ይሄ ለሚሮጥ ሰው ጉድጓድ አያሳይም። ክለቦች ትጥቅ ሲያድሉ ባትሪም ይጨምሩ፤ ግን አሠልጣኙ አስቀድሞ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ አንድ ሙሉ ልምምድ ጨለማ ውስጥ ይሞክረው። 40 ደቂቃ ላይ ከደከመ ለሻጩ ይመለስ። ባለሱቁ ቢያኮርፍም ያኩርፍ!